ዓባይ ከግንዱ ሌላ ምን ይዞ ይዞራል?



«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ያልሰማ በመካከላችን የለም። ግንዱ ለዓይን ይታያል። ክረምት ሲገባ ውሃውን ቡናማ የሚያደርገው ደለልም ይታያል፤ ስለ እሱ በክፍል ተምረናል፤ ከወላጆቻችንም ብዙዎቹ በእርሻ ላይ አይተውታል። ዓባይ ግን ለዓይን የማይታይ ሦስተኛ ጭነት አለው። ውሃው በሚጠራበት በበጋ ወራት እንኳ ይህን ጭነት አያራግፍም። ጭነቱ የሟሟ ድንጋይ ነው።

እኛ የሳይንስ መምህራን በዚህ ዓመት መጽሔት ሦስት ጥያቄዎችን ልንመልስ ተነሥተናል። ድንጋይ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው እንዴት ነው? በአንድ የወንዝ ተፋሰስ ውስጥ በዓመት ምን ያህል ድንጋይ እንደሚሟሟ የሚለካው እንዴት ነው? ይህንንስ ማወቅ ምን ይጠቅመናል? ምሳሌዎቻችንን የወሰድነው በአብዛኛው ከዓባይ ሸለቆና እዚሁ በጁባ በደጃችን ከሚያልፈው ከባሕር ኤል ጀበል ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድንጋይ ይሟሟል ወይ?

ማስረጃው ከወጥ ቤት አይርቅም። ንያኩሮን ውስጥ ከቦቴ ወደ ሮቶ የተቀዳ ወይም ከጉድጓድ የወጣ ውሃ ደጋግሞ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡን ሲያዩት ነጭ ቅርፊት ይዞ ይገኛል። ቅርፊቱ ቆሻሻ አይደለም፤ የማንቆርቆሪያው ብረት ዝገትም አይደለም። ውሃው ከመሬት ውስጥ ይዞት የመጣው ካልሲየም ሲፈላ ከካርቦኔት ጋር ተጣብቆ የሠራው የኖራ ድንጋይ ነው። ውሃው ጥርት ያለ ሳለ ድንጋዩ ውስጡ ነበረ ማለት ነው።

ሥራውን የሚሠራው ደግሞ ሁላችንም የቀመስነው ነገር ነው። አምቦ ውሃ ስንጠጣ ምላሳችንን ቆንጠጥ የሚያደርገን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚፈጠረው ካርቦኒክ አሲድ ነው። ዝናብም ከሰማይ ሲወርድ ከአየሩ ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ እጅግ የሳሳ አምቦ ውሃ ነው ብንል አልተሳሳትንም። አፈር ውስጥ ሲገባ ይጠነክራል፤ ምክንያቱም ሥሮችና በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ስለሚተነፍሱ በአፈር ውስጥ ያለው አየር ከላይ ካለው አየር በብዙ እጥፍ የበለጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል።

ይህ የሳሳ አሲድ ጥቁር ድንጋይ ወይም ባዛልት ሲያገኝ በአንድ ቀን ምንም አያደርገውም። ዘመን ሲያገኝ ግን ይበላዋል። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና ከሲሊካው ከፊሉ በውሃው ይሟሟሉ። አሲዱ ራሱ ወደ ቢካርቦኔት ተለውጦ ከእነርሱ ጋር ይሄዳል። በቀላሉ የማይሟሟው አሉሚኒየም ከተረፈው ሲሊካ ጋር ሸክላ አፈር ይሆናል፤ ብረቱም ዝጎ አፈሩን ያቀላዋል። የጎጃምና የወለጋ ቀይ አፈር፣ በረባዳ ቦታዎች ያለው ጥቁር መረሬም ቢሆን፣ አብዛኛው የዚህ ሥራ ውጤት ነው። እንግዲህ አንድ ባዛልት ሲፈራርስ ሁለት መንገድ ይከፈታል። አንደኛው ክፍል ሟሞ በወንዝ ይሄዳል፤ ሁለተኛው አፈር ሆኖ ይቀራል። ጤፍ የሚበቅለው በቀረው ላይ ነው።

ሁሉም ድንጋይ እኩል አይበላም። የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ቶሎ ይሟሟሉ። ባዛልት ከእነርሱ በጣም ይዘገያል። ግራናይት ከባዛልትም ይዘገያል፤ በውስጡ ያለው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ፈጽሞ የማይሟሟ ነው ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። በጁባ ዙሪያና በጀበል ኩጁር አካባቢ ያለው እጅግ ያረጀ ጠንካራ አለት ከዚህ ከሚዘገየው ወገን ነው። የወንዛችን ዳርቻ አሸዋ የበዛበትም ኳርትዝ ሳይሟሟ ስለሚተርፍ ነው።

የዓባይ ሸለቆ ግድግዳ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በመኪና የሄዱ ወላጆች መንገዱን ያስታውሱታል። ጎሃ ጽዮን ላይ ሜዳው በድንገት ያልቅና መኪናው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ወደ ድልድዩ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል። ያ ቁልቁለት ለጂኦሎጂ ተማሪ የተከፈተ መጽሐፍ ነው።

ከላይ ያለው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ ደጋውን ያለበሰው ባዛልት ነው። ከእሱ ሥር የኖራ ድንጋይ አለ፤ ባሕር ምድሩን ሸፍኖት በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ነው። የሙገር የሲሚንቶ ፋብሪካ የሚጠቀምበት ድንጋይም ከዚሁ ወገን ነው። ከኖራ ድንጋዩ ሥር በጎሃ ጽዮን ስም የሚጠራው የጂፕሰምና የጭቃ ድንጋይ ንጣፍ ይመጣል። ከታች በድልድዩ አካባቢ የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። ወንዙ ወደ ሱዳን ድንበር ሲጠጋ ደግሞ ከሁሉም የሚያረጀው መሠረታዊ አለት ይገለጣል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ለወሬ አይደለም። ከድልድዩ ሥር አንድ ጠርሙስ የዓባይ ውሃ ብንቀዳ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው የሟሟ ድንጋይ የአንድ ድንጋይ ብቻ አይደለም። ጥቂቱ ከሰከላና ከጣና ዙሪያ ባዛልት የመጣ ነው፤ ጥቂቱ ከኖራ ድንጋዩ፤ ጥቂቱ ከጂፕሰሙ። የኖራ ድንጋይ የያዘው መሬት ትንሽ ቢሆንም ቶሎ ስለሚሟሟ በጠርሙሱ ውስጥ ድርሻው ከስፋቱ በላይ ይሆናል። ስለዚህ «ባዛልቱ በምን ፍጥነት ይፈራርሳል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የተቀላቀለውን መለየት አለበት።

ልኬቱ እንዴት ይሠራል?

ሐሳቡ ከሱቅ ሂሳብ አይለይም። አንድ ባለሱቅ በዓመት ምን ያህል ስኳር እንደወጣ ለማወቅ የከረጢቱን ብዛት በከረጢቱ ክብደት ያባዛል፤ ከዚያም የራሱ ያልሆነውን ይቀንሳል። ወንዝም እንዲሁ ነው። ሥራው አራት ደረጃ አለው።

አንደኛው የውሃውን መጠን መለካት ነው። የወንዙ ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት ይለካና ይባዛል። ስፋቱ 20 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜትር የሆነ ወንዝ በሰከንድ 40 ሜትር ኩብ ውሃ ያሳልፋል ማለት ነው። ፍጥነቱን በመሣሪያ መለካት ይሻላል። መሣሪያ ከሌለ ተንሳፋፊ ነገር ለቅቆ በሰዓት መያዝ ይቻላል፤ ነገር ግን የላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ውጤቱ በ0.85 ገደማ ይባዛል። በየቀኑ ወንዝ ውስጥ መግባት ስለማይቻል ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ በዳር ይተከላል። በአካባቢው የሚኖር ሰው ጠዋትና ማታ የውሃውን ከፍታ አንብቦ ይመዘግባል፤ ባለሙያዎች ቀደም ብለው ከፍታውን ከፍሰቱ ጋር ስላገናኙት ከከፍታው ፍሰቱ ይታወቃል። በኢትዮጵያ የዓባይ ተፋሰስ ልኬት በሰፊው የተጀመረው ከ1958 እስከ 1964 የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ጋር ባካሄደው ጥናት ጊዜ ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ረጅም መዝገብ በአብዛኛው ከዚያ ዘመን ይነሣል። ማለዳ ተነሥተው ሰሌዳ ያነበቡ ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ሳይንስ ባልኖረ ነበር።

ሁለተኛው በውሃው ውስጥ ያለውን ማወቅ ነው። ጠርሙሱ በራሱ በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ ይታጠባል። ውሃው የሚቀዳው ከዳር ሳይሆን በደንብ ከሚፈስበት ከመካከል ነው። ከዚያም ቀዳዳው ከአንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር በሚያንስ ማጣሪያ ይጣራል፤ ምክንያቱም ደለሉ ካልወጣ የሟሟውንና ያልሟሟውን አብረን እንቆጥራለን። አንዱ ጠርሙስ ካልሲየሙና ሌሎቹ ብረት ነክ ነገሮች ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቁ ጥቂት አሲድ ይጨመርበታል። ሌላው ምንም ሳይጨመርበት ይቀመጣል። ቢካርቦኔቱ ግን እዚያው በወንዙ ዳር ቢለካ ይመረጣል፤ ጠርሙሱ ቤት እስኪደርስ ሊለወጥ ይችላል።

ሦስተኛው የአለቱ ያልሆነውን መቀነስ ነው። ይህ የሥራው ዋና ክፍል ነው። ዝናብ ራሱ ከባሕር የተነሣ ጥቂት ጨውና ከአየር አቧራ ይዞ ይወርዳል፤ ስለዚህ የዝናቡም ውሃ ይመረመራል። ባዛልት ክሎራይድ በጣም ጥቂት ስለሚይዝ በወንዙ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ዝናቡ ምን ያህል እንዳመጣ ይጠቁማል። ሰልፌት ሲበዛ ጂፕሰም ይጠረጠራል። ካልሲየም ከሶዲየም በጣም ሲበልጥ የኖራ ድንጋይ ይጠረጠራል። ከተማ ካለ ሳሙናና ፍሳሽ፣ እርሻ ካለ ማዳበሪያ፣ ፍል ውሃ ካለ ከጥልቅ የመጣ ጨው ይታሰባል። ሲሊካ በዚህ ሥራ ጥሩ ምስክር ነው፤ ከዝናብም፣ ከኖራ ድንጋይም፣ ከጂፕሰምም ያን ያህል አይመጣምና። ሆኖም ሐይቅ ካለ ምስክርነቱ ይጎድላል። በሐይቅ ውስጥ ያሉ ዲያቶም የሚባሉ ጥቃቅን አልጌዎች ቅርፊታቸውን የሚሠሩት ከሲሊካ ስለሆነ ከውሃው ይወስዱታል፤ ሲሞቱም ወደ ሐይቁ ወለል ይዘውት ይወርዳሉ።

አራተኛው የተገኘውን ጠቅላላ ክብደት ለተፋሰሱ ስፋት ማካፈል ነው። ትልቅ ተፋሰስ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ድንጋይ ያሟሟል። ፍጥነቱን ከሌላ ቦታ ጋር ማወዳደር የሚቻለው ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስንት ቶን እንደሚደርስ ሲታወቅ ነው።

በቁጥር እንየው

ከዚህ በታች ያለው ለትምህርት ብለን ያዘጋጀነው ምሳሌ እንጂ የአንድ የታወቀ ወንዝ ውጤት አይደለም። በደጋ ያለ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ እናስብ። ወንዙ በዓመት 40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ያወጣል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 110 ሚሊ ግራም የሟሟ ነገር ተገኘ እንበል።

ከዚህ ውስጥ 60 ሚሊ ግራሙ ቢካርቦኔት ነው። ባዛልት ሲሟሟ የሚፈጠረው ቢካርቦኔት ካርቦኑን ያገኘው ከአየርና ከአፈር እንጂ ከድንጋዩ ስላልሆነ እናወጣዋለን፤ 50 ይቀራል። ዝናቡ ያመጣው 5 ነው፤ 45 ይቀራል። ከኖራ ድንጋይና ከጂፕሰም የመጣው 15 ነው፤ 30 ይቀራል። ይህ 30 ሚሊ ግራም የባዛልቱ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ 30 ግራም ማለት ነው፤ በ40 ሚሊዮን ሲባዛ 1,200 ቶን ይሆናል። ለ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲካፈል በካሬ ኪሎ ሜትር 12 ቶን በዓመት ሆነ።

አንድ ሜትር ኩብ ባዛልት 3 ቶን ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 12 ቶን ማለት 4 ሜትር ኩብ ድንጋይ ነው። ይህን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ብናነጥፈው ውፍረቱ 0.004 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በአንድ ሺህ ዓመት 4 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

ለንጽጽር ያህል፣ ዳንኤል ሊቪንግስተን የተባለው ሳይንቲስት በ1963 ባወጣው ስሌት የዓለም ወንዞች ውሃ በአማካይ በአንድ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ገደማ የሟሟ ነገር ይይዛል። ከግማሽ የሚበልጡት ተማሪዎቻችን በአንድ እጃቸው በሚያነሱት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ግማሽ ግራም የሚያልፍ የሟሟ ነገር አለ ማለት ነው።

አንድ ጠርሙስ አይበቃም

ብዙ ተማሪዎች የሚጠይቁን ጥያቄ አለ። «አንድ ጊዜ ቀድተን ብንለካ አይበቃም ወይ?» አይበቃም። የዓባይ ውሃ አብዛኛው የሚያልፈው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። በጎርፍ ጊዜ ዝናቡ ስለሚያቀጥነው በአንድ ሊትር ያለው የሟሟ ነገር ይቀንሳል። በበጋ ደግሞ ወንዙ የሚመገበው በአለት ውስጥ ብዙ ቆይቶ ከሚወጣ የምንጭ ውሃ ስለሆነ በአንድ ሊትር ያለው ይጨምራል። በየካቲት የቀዳነውን ይዘን በዓመቱ ውሃ ሁሉ ብናባዛው ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ይሆናል። በነሐሴ ብቻ የቀዳነው ደግሞ ያሳንሰዋል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ እየተቀዳ እያንዳንዱ ናሙና በዚያን ጊዜ ባለፈው የውሃ መጠን ይመዘናል።

አንድ ዓመትም ብዙ ጊዜ አይበቃም። ለዚህ ጥሩ ምስክር ያለው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ከጁባ በስተሰሜን በሚገኘው በሞንጋላ ነው። የባሕር ኤል ጀበል ፍሰት እዚያ ከ1905 ጀምሮ ተመዝግቧል። እስከ 1960 ድረስ አማካዩ በዓመት 27 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ ዘንቦ የቪክቶሪያ ሐይቅ ከፍ ካለ በኋላ፣ ከ1961 እስከ 1983 ያለው አማካይ ወደ 49 ቢሊዮን ደረሰ። በ1950ዎቹ አንድ ዓመት ብቻ ለክቶ የሄደ ሰውና በ1970ዎቹ አንድ ዓመት ብቻ ለክቶ የሄደ ሰው ስለ አንድ ወንዝ ፈጽሞ የተለያየ ነገር ይነግሩን ነበር።

የጁባው ውሃ የማን ድንጋይ ነው?

በድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃ የተሸከመው የሟሟ ነገር የጁባ ድንጋይ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። ጁባ ላይ ያለው ውሃ ከብዙ ቤት የተሰበሰበ ነው። የቪክቶሪያ ሐይቅ ውሃ በአብዛኛው በቀጥታ በሐይቁ ላይ ከሚዘንብ ዝናብ ስለሚመጣ የሟሟ ነገሩ ጥቂት ነው። የአልበርት ሐይቅ ውሃ ግን ከእሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በሰምሊኪ ወንዝ በኩል ከኤድዋርድ ሐይቅና ከእሳተ ገሞራ ተራሮች አካባቢ ጨው የበዛበት ውሃ ይቀበላል፤ ፀሐይም ታተነዋለች። ሁለቱ ተደባልቀው ወደ እኛ ይወርዳሉ።

እዚህ ላይ ሌላ ትምህርት አለ። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። ስለዚህ ሐይቅ ባለበት አንድም አዲስ ድንጋይ ሳይሟሟ በሊትር ያለው መጠን ከፍ ይላል። በሊትር ያለውን ብቻ አይቶ «እዚህ ድንጋይ ቶሎ ይሟሟል» የሚል ሰው ይሳሳታል። መባዛት ያለበት በሊትር ያለው መጠን ከሚያልፈው ውሃ ጋር ነው። የወንዛችን የውሃ ባሕርይ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለዋወጥ በጥንቃቄ ካጠኑት አንዱ በ1950ዎቹ በካርቱም የሠራው እንግሊዛዊው ጃክ ታሊንግ ነው፤ በ1957 ያወጣው ጥናት ነጭ ዓባይን ከላይ እስከ ታች ተከትሎ የውሃውን ለውጥ መዝግቧል።

ለግድብም እንዲሁ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2025 ተመርቋል፤ ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ይህ ወንዙ በዓመት ከሚያመጣው በእጅጉ ይበልጣል። ከእንግዲህ ከግድቡ በታች የሚቀዳ ውሃ ሐይቅ ውስጥ የቆየ ውሃ ነው፤ ደለሉን አራግፎ፣ ከሲሊካውም ለዲያቶም ጥቂት ከፍሎ የሚወጣ። የተፋሰሱን ድንጋይ ማወቅ የሚፈልግ ከሐይቁ በላይ መለካት ይኖርበታል።

ዓባይ ራሱ በጁባ አያልፍም፤ ከእኛ ወንዝ ጋር የሚገናኘው ካርቱም ላይ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ደጋ ድንጋይ ደቡብ ሱዳን አይገባም ማለት አይደለም። ከኢሉባቦር ደጋ ተነሥቶ በጋምቤላ የሚያልፈው ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ማላካል አካባቢም ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅመናል?

የመጀመሪያው ጥቅም አፈርን በዋጋው ማወቅ ነው። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ከሚፈራርሰው ባዛልት ግማሹ ሟሞ ሄዶ ግማሹ አፈር ሆኖ ቀረ ብንል፣ በካሬ ኪሎ ሜትር 12 ቶን፣ በሄክታር ደግሞ 0.12 ቶን አዲስ አፈር በዓመት ተፈጠረ ማለት ነው። በሌላ በኩል በኢትዮጵያ ደጋ የአፈር መከላት በ1980ዎቹ እንደ አንጀኒ፣ አንዲት ጥድና ማይባር ባሉ የምርምር ጣቢያዎች ተለክቶ ነበር። ሥራውን የመሩት የስዊሱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በ1993 ያወጡት ግምት ከሚታረስ መሬት በአማካይ በሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ያሳያል። የታጠበው ሁሉ ከአገር አይወጣም፤ ከፊሉ ከቁልቁለቱ ሥር ይቀራል። ሆኖም በምሳሌያችን ሂሳብ የአንድ ዓመት ጎርፍ የሚወስደውን ለመተካት ድንጋዩ 350 ዓመት ይፈልጋል። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ግን ግልጽ ነው። እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረዳት አይቻልም። የቤተሰባቸውን መሬት በአገር ቤት ለዘመድ ትተው የመጡ ወላጆች ይህ ቁጥር ቢደርሳቸው ለዘመዳቸው ስልክ ሲደውሉ ስለ እርከኑ ሳይጠይቁ የሚዘጉ አይመስለንም።

ሁለተኛው ጥቅም የአየር ንብረትን መረዳት ነው። ባዛልት ሲሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይወስዳል፤ ቢካርቦኔቱ በወንዝ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ እዚያም ዛጎል ሠሪ እንስሳት ከካልሲየም ጋር ያጣብቁትና ከካርቦኑ ግማሹ በባሕር ወለል ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ይህን ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣክ ዦሴፍ ኤቤልመን ገና በ1845 ጽፎታል። ባዛልት ከዓለም የብስ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሸፍንም፣ እንዲህ ባለው መንገድ ሲሊካ አዘል አለቶች ከሚወስዱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሶ ያህሉን የሚወስደው እሱ እንደሆነ ተመራማሪዎች አስልተዋል። የኢትዮጵያ ደጋ እንግዲህ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ የሰው ልጅ ከሚለቀው ጋር አይመጣጠንም፤ ድንጋይ በዓመት የሚወስደው ሰው ከሚለቀው አንድ መቶኛ ገደማ ነው። ዛሬ በአንዳንድ አገሮች የተፈጨ ባዛልት በእርሻ ላይ እየበተኑ ሥራውን ለማፋጠን ይሞክራሉ። የእነርሱም ትልቁ ፈተና ልኬቱ ነው፤ በእርግጥ ምን ያህል ሟሟ ብሎ ማረጋገጥ የሚቻለው ከላይ ባየናቸው አራት ደረጃዎች ነው።

ሦስተኛው የምንጠጣው ውሃ ነው። ሻይ የሚያጠቁረው፣ ሳሙና አላረፋ የሚያሰኘው፣ ማንቆርቆሪያ የሚያለብሰው ውሃ ምን ድንጋይ ውስጥ እንዳለፈ ይነግረናል። እዚህ ላይ ወላጆችን አንድ ነገር እናሳስባለን። ጥርት ያለ ውሃ ንጹሕ ውሃ ማለት አይደለም። ነጩ ቅርፊት ለጤና የሚያሰጋ አይደለም፤ የሚያሰጋው የማይታየው ጀርም ነው። ስለዚህ ውሃን ማፍላትና ማከም አይቀርም።

በቤት ሊሠሩ የሚችሉ ሙከራዎች

ተማሪዎች በእረፍት ጊዜ ከአዋቂ ጋር ሆነው ሦስት ነገር እንዲሞክሩ እንጋብዛለን።

በመጀመሪያ የእንቁላል ቅርፊት፣ የእምነ በረድ ስባሪና የመንገድ ጠጠር ላይ አቼቶ ጠብ ያድርጉ። አረፋ የሚያወጣው ካርቦኔት አለበት። የማያወጣው እንደ ባዛልትና ግራናይት ያለ ዘገምተኛ ድንጋይ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሁለት ሊትር ውሃ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ክብደቱ በታወቀ ቀላል ድስት ውስጥ በለስላሳ እሳት እስኪደርቅ ያፍሉት። ድስቱን ቀዝቅዞ በወርቅ ቤት ሚዛን ያስመዝኑት፤ የወጥ ቤት ሚዛን ይህን አይይዘውም። የቀረው ነጭ ነገር ከግራም ሩብ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሲፈላ ከቢካርቦኔቱ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ስለሚሄድ በውሃው ከነበረው እንደሚያንስም አይርሱ። የዝናብ፣ የጉድጓድና የወንዝ ውሃ እየለያዩ ቢሠሩት ልዩነቱን ያዩታል።

ሦስተኛ፣ ዝናብ ካቆመ በኋላ በሰፈር በምትፈስ ትንሽ ቦይ ላይ አሥር ሜትር ለክተው ቅጠል ይልቀቁና በስልክ ሰዓት ይያዙ። ስፋቱን፣ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን አባዝተው በ0.85 ያባዙት። ይህን ሙከራ በትልቁ ወንዝ ዳር መሥራት የተከለከለ ነው።

ውጤታችሁን ቀን፣ ቦታና የውሃውን ዓይነት ጽፋችሁ ወደ ሳይንስ ክፍል አምጡ። የአንድ ተማሪ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። በርካታ ተማሪዎች ከወር ወር ሲመዘግቡ ግን ልክ በሞንጋላ ሰሌዳ እንዳነበቡት ሰዎች፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች የሚያመሳክሩበት መዝገብ ይሆናል። መዝገቡን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ከፍተን እንጠብቃችኋለን።